ወረታ ላይ ሳላውቅ የተቀበልኩት ጽዋ

ወረታን በመኪና መስኮት ያያት ሰው ብዙ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ ሁሉ አስፋልቱ ዳር የተሰጣውን ሩዝና የሚርመሰመሰውን ባጃጅ እያየ ያልፋል። ወርዶ የሚያድር ግን ጥቂት ነው፤ እኔም ባሌ እዚያ ባይሆን ኖሮ አልወርድም ነበር። ዛሬ ዛሬ ደግሞ በጦርነቱ የተነሣ የሚያልፈውም ቀንሷል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለማትሄዱት ነው። ደፋር ሴት ሆኜ የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ከቤቴ ወጥቼ እስክመለስ ስፈራ ነው የሰነበትኩት፤ ከማስታወሻዬ ፍርሃቱን ብታወጡት የሚቀረው ስለ ሩዝ እንጀራ የጻፍኩት ጥቂት መስመር ነው።

የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ግርማ የሰብል ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ወረታ ላይ በሩዝ ዘር ሥራ ተቀጠረ፤ የተማረው ይህንኑ ስለሆነ ደስታው ሌላ ነበር። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ማርታ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ናሆም ስድስት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሄደው በሰርቪስ ይመለሳሉ። ፊት ለፊታችን ያለው በር ማን እንደሚኖርበት በቅጡ ሳናውቅ ሰባት ዓመት ሞላን። ግርማ ስምንት ወር ብቻውን ከቆየ በኋላ ደወለና፣ «ነይና ሰፈሩንም ትምህርት ቤቱንም በዓይንሽ እዪው። የሚሆን ከሆነ በሁለተኛው መንፈቅ ልጆቹን ይዘሽ ትመጫለሽ። ካልሆነ ለቅቄ እመጣለሁ» አለኝ። ለቅቆ ቢመጣ ምን እንደሚመስል ሁለታችንም አይተነዋል። ያን ዓመት ከመንፈቅ ደግሞ መኖር አልፈልግም ነበር። ልጆቼን እሳት ውስጥ መክተትም አልፈልግም። በዚህ መሐል ተይዤ ልጆቹን እህቴ ዘንድ ተውኩና ተነሣሁ።

ረቡዕ

በመኪና እንድሄድ የመከረኝ ሰው ስላልነበረ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድኩ። አውሮፕላን ላይ ፍርሃቴ መጠነኛ ነበር። መናኸሪያ ደርሼ የወረታ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ግን ባሰብኝ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሰው ስለ መልስ ይጨቃጨቃል፣ በስልክ ይጮኻል፣ ረዳቱ ይሳደባል። እዚህ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ አንድም ሰው አይናገርም። ሹፌሩ ብቻ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «ወዲያ ማዶ እንዴት ነው? ስንት መኪና አለፈ?» ይላል። የሚመለስለትን ለመስማት ሁላችንም አንገታችንን እናሰግጋለን። «በሉ እንሂድ» ሲል አንዳንዱ አማተበ፤ እኔም አማተብኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ እናኑ የሚባሉ የሐሙሲት ሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ። ሻንጣዬን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ቤትሽን ነቅለሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ስለ ባሌና ስለ ልጆቼ ጥቂት አጫወትኳቸው። ሻንጣው ውስጥ ያለውን ግን አልነገርኳቸውም። ሰው ወደ ፎገራ ሲሄድ ወባ ያስባል፤ ፋርማሲስት ሲሆን ደግሞ ከወባ ጋር ሌላውን በሽታ ሁሉ ያስባል። የወባ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ የቁስል ማጠቢያ፣ ፋሻ በፋሻ ላይ ጠቅጥቄ ነበር። በዚህ ጊዜ በዚያ መንገድ ፋሻ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ኬላ ላይ አስወርደው ሻንጣዬን ሲከፍቱት ነው።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አለኝ ፈታሹ።

«ለባለቤቴ።»

«ባልሽ ስንት ቦታ ነው የታመመው?»

የሙያ መታወቂያዬን ላሳየው እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ፣ «እጅሽን አውጭ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያን ጊዜ ወይዘሮ እናኑ ከሰልፉ ወጥተው መጡ። «ኧረ ተዋት የኔ ጌታ! ባሏ ወረታ ነው፤ ወባ አለ ቢላት ጊዜ መድኃኒት ቤቱን ተሸክማ መጣች። ሞኝነት ነው እንጅ ተንኮል የለባትም።» ሰውየው እሳቸውንም እኔንም አየ። ፋሻውን ብቻ ለይቶ አስቀረና «ግቢ» አለኝ። ሞኝ መባል እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። ወይዘሮ እናኑ ሐሙሲት ላይ ሲወርዱ አምስት ራስ ሽንኩርት ጉልበቴ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ፤ እኔ ደግሞ እናቴ ጥላኝ የወረደች ያህል ከፋኝ።

የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ሜዳው ተከፈተ። ዓይን እስኪታክተው ድረስ ሩዝ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ውኃው ገና አልጠፋም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ውብ ነው እል ነበር። እኔ እንጦጦ ከኋላዬ ቆሞ ያደግሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እዚህ ላይ ሰው ቢተኩስብን መደበቂያ የለም የሚለውን ነው። እስከ ወረታ ድረስ በዓይኔ ጉድጓድ ስፈልግ ሄድኩ።

ግርማ ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭነን የተከራየው ቤት ደረስን። ሁለት ክፍል ናት፤ በጀርባዋ ከአከራዩዋ ከእትየ ጥሩ ትልቅ ቤት ጋር የተያያዘች። እትየ ጥሩ ባላቸው የሞተባቸው፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ሲሄዱ ቁልፋቸው የሚንሿሿ ሴት ናቸው። አንገቴን ይዘው እያገላበጡ ሳሙኝና ወዲያው ገበታ አቀረቡ። እንጀራው ከሩዝና ከጤፍ የተጋገረ ነው፤ ንጣቱ የኛን ማኛ ያሳፍራል። ሁለቱን አጥፌ ለነገ ላስቀምጥ ስል፣ «ተይ ልጄ፣ ትኩሱን ብይ። የሩዝ እንጀራ ለነገ አይሆንም፤ ይደርቅብሻል» አሉኝ።

አዲስ አበባ ሰው ከሥራ ወጥቶ መንገድ በሚያጣብብበት ሰዓት እዚህ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ አልቋል። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ መንገዱ ጭር አለ። ግርማ በሩን ዘግቶ ብረቱን ሲያስገባ እጁ የለመደ ነበር። ባሌ መቼ ይህን ለመደ ብዬ ከፋኝ።

ሐሙስ

ግርማ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ በስልክ ያወደሰልኝ የግል ትምህርት ቤት ሄድን። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ከፍቶ አስገባን፤ የሰልፍ ሜዳው ላይ ሩዝ ተሰጥቷል፤ ዶሮ እንዳይበላው ዘበኛው በረጅም ሸምበቆ እየጠበቀ ነው። «መምህራኑስ?» አልኩት። «ሂደዋል። ባለቤቱም ሂዷል። እኔና ሩዙ አለን» አለኝ። ቀልዱ ነበር፤ ሳቄ ግን አልመጣም።

ቀጥሎ የሄድንበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍት ነው። ርእሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበሩን ለቆ አስቀመጠኝ። «ዛሬ እናስተምራለን። ነገን አናውቅም። ባለፈው ለሁለት ሳምንት ዘጋን፤ ከዚያ በፊትም እንዲሁ» አለኝ። «ልጄን ባመጣ ትቀበሏታላችሁ?» አልኩት። «እንዴታ! ደስ ይለናል።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም አዙሮ አስቀመጠው። «እንደ ወላጅ ከጠየቅሽኝ ግን የኔዎቹ ባሕር ዳር ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ ቤት አየን። ለመከራየት ጥሩ ጥሩ ቤት ሞልቷል፤ ሴራሚክ የተነጠፈለት፣ ግቢው ውስጥ ማንጎ ያለው። ሁሉም የኛ ብጤ ሰው ለቆት የሄደ ነው፤ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የጤና ባለሙያ። አንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የልጅ ቁመት በእርሳስ ተለክቶ አየሁ። የቀሩት ሰዎች ልጆቻቸውን የት እንደሚያስተምሩ ያገኘኋቸውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዷ «እሱ ያውቃል» አለችኝ፤ ሌላው ስለ ወባ አነሣብኝ። ሁሉም ቶሎ ብለው ወሬ ይቀይራሉ። የሆነ ነገር እንደሚደብቁኝ ገብቶኝ የባሰ ፈራሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግርማን ያዝኩት። «አንተ ታውቃለህ?»

«ቃል ገብቻለሁ» አለኝ። «ነገ የማርያም ማኅበር አለ። እሱን ሳታዪ አትወስኚ።»

«ትምህርት ቤት ስጠይቅህ ጠላ ትጋብዘኛለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ጸባችን ይህ ነበር። እትየ ጥሩ በጀርባው ግድግዳ በኩል ሰምተው ኖሮ ወዲያው የተጠበሰ ዓሣ ላኩልን።

ዓርብ

ማኅበሩ ከኛ ሦስት ግቢ ዝቅ ብሎ በልብስ ሰፊዋ በብርቱካን ቤት ነው። ግርማ ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጣ ከእትየ ጥሩ ጋር ቀድሜ ሄድኩ። እሳቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ እኔ ሳሎኑ በር ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ተቀምጧል። በሞላ ቤት ውስጥ ማኅበሩን ከሚመሩት ከቄስ አዳነ ቀጥሎ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው፤ የበግ ለምድ ተነጥፎበታል። ለእንግዳ የተተወ ይሆናል ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ለአዲስ ሰው እንደዚያ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልኩ። ቄስ አዳነ ዘወር ብለው በደንብ አዩኝና፣ «የግርማ ባለቤት ነሽ?» አሉኝ። «አዎ አባ» አልኩ። «ማርያም አመጣችሽ!» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በጣም ደግ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ።

ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆርሶ ታደለ፤ ጠላው ተቀዳ። መጨረሻ ላይ ቄስ አዳነ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች ትንሽ የሸክላ ዕቃ አንሥተው ወደኔ ዘረጉ። ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ባርከው የሚያሳልፏት መስሎኝ ተሳለምኳት፤ ለቀጣዩ ሰው ላቀብልም ዘወር አልኩ። የሚቀበለኝ የለም። «ያድርስሽ! ያድርስሽ! ለከርሞውም ያድርስሽ!» እያሉ እልል አሉ፤ ብርቱካን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ግርማ ያን ጊዜ በሩ ላይ ደረሰና ዕቃዋን እጄ ላይ አየ። ፊቱ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ደንግጧል፤ ደስም ብሎታል።

እናቴ ማኅበር አልነበራትም። አዲስ አበባ የሥራ ባልደረቦቼ ሲሄዱ እሰማለሁ እንጂ አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ከቄሱ ቀጥሎ ያለው ቦታ የባለ ተራ እንደሆነ፣ ያንን ጽዋ የተቀበለ የሚቀጥለውን ወር ማኅበር በቤቱ ለማውጣት ለማርያም ቃል እንደ ገባ የነገሩኝ እቤት ስንመለስ ነው። ተረኛዋ ልጆቿን ይዛ ባሕር ዳር ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። ቦታዋ ባዶ የነበረው ለዚያ ነው። ማኅበሩ ሊበተን ነው ብለው ተጨንቀው ሳለ እኔ ሰተት ብዬ ገብቼ ቁጭ አልኩበት።

«እትየ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም!» አልኳቸው።

«ማን አወቅሽ አለሽ» አሉ እትየ ጥሩ። ጽዋዋን ከእጄ ሳይቀበሉ ጨርቋን ብቻ አስተካከሉላት። «ይልቅ ስሚኝ። ሌላም ነገር አለበት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ልጆቹ እንዲያው መና ቀሩ። አንድ ቤት ብቻ እንዳናስተምር ፈራን፤ ሰው ያያል፣ ያወራል፣ ትምህርት ያስዘጉት ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ጽዋዋ ያለችበት ቤት ልጆቹ ይውላሉ አልን። በወር በወሩ ትዞራለች፤ ልጆቹም አብረዋት ይዞራሉ። አስተማሪ አለን። ይኸን ለውጭ ሰው አንናገርም። ትላንት ያልነገሩሽ ተንቀሽ አይደለም።»

ከትላንት ጀምሮ ሰዉን ሁሉ የለመንኩት መልስ ይኸው ነበር። ጥሩ ሰፈር የት ነው፣ ጥሩ ትምህርት ቤት የት ነው ስል የነበርኩት እኔ፣ ትምህርት ቤቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ይዤው ቆሜያለሁ። ደስታም ነበር ውስጤ፤ አልዋሽም። ግን ቶሎ ብሎ ፍርሃቱ ዋጠው። የሚጀመረው በሚቀጥለው ወር ነው፤ እስከዚያ አንድ መላ እፈልጋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አሥራ አራት ልጆች የሚቀመጡባትን ዱካ በየራሳቸው ላይ ገልብጠው ተሰልፈዋል። «ጽዋዋ እዚህ ናት?» አለችኝ የፊተኛዋ፤ ትርሲት ትባላለች፣ የብርቱካን ልጅ፤ ማርታን ታክላለች። የሚጀመረው ለካ ከጽዋዋ ጋር ነው። በር ተዘግቶ በየቤቱ በተዋለበት ቀን ያመለጣቸውን ለማካካስ ቅዳሜንም ይማራሉ። ግርማ አልጋውን ወደ ግድግዳ ሲገፋ እኔ በሌሊት ልብሴ ላይ ጋቢ ጣል አድርጌ ቀረሁ። በልጆቼ ትምህርት ቤት ለወላጅ ስብሰባ ስጠራ ከሳምንት በፊት በቴሌግራም ይነገረኛል።

ትርሲት ዱካዋን ሳታስቀምጥ ግድግዳውን በጣቷ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያደረገች ክፍሏን ዞረች። ጨዋታ መሰለኝና፣ «ማን አለ ትበያለሽ?» አልኳት። ሳቀችና ወደሚቀጥለው ግድግዳ አለፈች። ከዚያ አስተማሪው መጣ። መምህር ደሴ የአንበሳሜ ሰው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በአንድ ክፍል በአምስት ረድፍ ከፍሎ አስቀመጠ፤ ለአንዱ ረድፍ ሲያስረዳ ሌላው ይጽፋል። ልጆቼን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ አላየሁም። አምስተኛ ክፍሎቹ ትንንሾቹን ያርማሉ፤ አንዱ ሲሳሳት የሚስቅበት የለም። ሌላ አገር ቢሆን ማርታን ዛሬውኑ አስመዘግባት ነበር ብዬ አሰብኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ፍርሃቴን ረስቼ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ለአሥራ አራት ልጅ ምን አበላለሁ እል ነበር።

ከዚያ ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ ራቅ ያለ ነበር፤ ሁለተኛው ግን መስኮቱን አንቀጠቀጠው። እኔ ቢላውን ይዤ ክፍሉ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ አልጮኹም። አንድም አልጮኸም። ዱካቸውን ትተው በደረታቸው እየተሳቡ በእትየ ጥሩ ቤት በኩል ወዳለው ግድግዳ ሄደው ተጋደሙ፤ ትልልቆቹ በውጭ፣ ትንንሾቹ በውስጥ። ትርሲት ቀና ብላ አየችኝ። «እትየ፣ ወዲህ ይምጡ» አለችኝ። «ይኸኛው ብሎኬት ነው። ያ ጭቃ ነው፤ ያሳልፋል።»

ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ስትመታ ምን ትፈልግ እንደነበር የገባኝ። ተጋደምኩ። መምህር ደሴም ከልጆቹ ውጭ ተጋድሞ፣ በሹክሹክታ፣ «ስድስት ሲባዛ በሰባት?» አለ። «አርባ ሁለት» አሉ። «ስድስት ሲባዛ በስምንት?» «አርባ ስምንት።» ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። እኔ ስንት ሲባዛ በስንት እንደሆነ አልሰማሁም፤ ጀርባዬ ላይ የአንዲት ሕፃን ልብ ሲመታ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ተኩሱ ሲቆም ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ። አንዱ ዱካው መገልበጡን አይቶ ተናደደ።

ልጆቹ ሲሄዱ ግርማን እንዲህ አልኩት፤ «ልጆቼ ቤት ሲገቡ ግድግዳ እየመቱ እንዲያድጉ አላመጣቸውም።»

«እሺ» አለኝ።

«ተኩሱ አይደለም ያስፈራኝ። አለመጮኻቸው ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ጽዋውን መልስላቸው።»

«አንች ነሽ የተቀበልሽው» አለኝ። በክፋት አላለውም። ደክሞት ነበር።

እሑድ

መንገድ መከፈቱ ሲነገረን ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፤ መድኃኒቱን በሙሉ ለጤና ጣቢያው እንዲያደርስ ለግርማ ተውኩለት። ከዚያ ጽዋዋን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እትየ ጥሩ በር ሄድኩ። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ። ስገባ ግን እሳቸው መሬት ቁጭ ብለው ለልጆቼ ሩዝ እየለቀሙ ነበር፤ ድንጋዩን፣ ገለባውን፣ ፍሬ በፍሬ። «ማርታና ናሆም ናቸው አይደል ስማቸው? ይኸን ከእኔ ነው ብለሽ ስጫቸው» አሉኝ። ጽዋዋን አዩ፤ ፊቴን አዩ። «ፈራሽ?» አሉኝ።

«ፈራሁ እትየ።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ ግን በየቀኑ ፈርቸ በየቀኑ አልደረሰብኝም።» ሩዙን መልቀም ቀጠሉ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጽዋዋን ከፊታቸው ላስቀምጥ ጎንበስ ስል ሩዙን ቋጥረው እጄ ላይ አኖሩልኝ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ስለሚከብድ አንዱን ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ የቱንም ማስቀመጥ አልሆነልኝም። ሩዙን ይዤ፣ ጽዋዋንም ይዤ ወጣሁ። የግርማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫት ሸሸሁ። ሌላ ስም የለውም፤ ሸሸሁ።

ግርማ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ። መንገዱ ደኅና ነበር። ኬላው ላይ ሻንጣዬን ከፍተው ሩዝ ብቻ አገኙና ሳቁ።

ከተመለስኩ በኋላ

ሰው ሁሉ፣ «ጥሩ ሰፈር አገኘሽ ወይ? ለልጆች ይሆናል?» ይለኛል። እውነቱን ነው የምናገረው። ጥሩ ጎረቤት ያለበት ሰፈር አግኝቻለሁ፤ ልጄን ዓይኔን ጨፍኜ የማስረክበው አስተማሪም አግኝቻለሁ። «ታዲያ መቼ ትገቢያለሽ?» ሲሉኝ ነው የሚጨንቀኝ። የኛ ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ሁሉ ብሎኬት ነው፤ ማን እንዳለበት ግን አላውቅም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግርማ ደወለ። «ጽዋውን መለስክ?» አልኩት ገና ሰላም ሳንባባል። «አልመለስኩትም» አለኝ። ከጀርባው የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ የሚያነቡ ይመስላል። ማርታ ስልኩን ነጠቀችኝ፤ አባቷን ምን ምን እንዳለችው ባልሰማም ቆይታ መለሰችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማ፣ አባቢ ቤት ስንት ልጅ ነው የሚማረው?»

«አሥራ አራት።»

«እኛስ ለምንድን ነው የማንማረው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ሩቅ ነው፣ የናንተ ትምህርት ቤት ይሻላል፣ አባትሽ ሊመጣ ነው፤ ሁሉም አፌ ላይ ነበር። «ስለፈራሁ ነው» አልኳት።

«አባቢስ አይፈራም?»

«ይፈራል።»

ማርታ ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ብቻውን ነው የሚፈራው?» አለችኝ።